ለጭላዳ ዳቦ መወርወር ደግነት አይደለም

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

የጋዜጣዎ የዘወትር አንባቢ ነኝ። ለአንባብያን በተተወው አምድ ላይ ሰዎች ስለ መንገድ፥ ስለ ውኃና ስለ ቢሮ ጉዳይ መጓተት ሲጽፉ እመለከታለሁ። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ አራዊት ነው። ጉዳዩ ቀላል መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ ነገሩ ከአራዊት ተነሥቶ ወደ ሰው፥ ይልቁንም እንደ እኔ ወዳለው የመንግሥት ሠራተኛ የሚመለስ ነውና።

በመንዝ ቀየት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ልጅ ሳለሁ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት መጻሕፍት መካከል አንድ የሥዕል መጽሐፍ ነበረ፤ በውስጡም አንድ ትልቅ ድብ በኋላ እግሮቹ ቆሞ በመኪና መስኮት በኩል ከአንዲት ወይዘሮ እጅ ብስኩት ሲቀበል ይታያል። እኛ ልጆች ድብን የምናውቀው ዳዊት የአባቱን በጎች ሲጠብቅ አንበሳና ድብ መግደሉን ከሚናገረው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነበረና፥ አውሬው እንዲህ ገርሞ ስናየው እጅግ ተደነቅን። የውጭ አገር ተወላጅ የነበሩት መምህራችን ግን አልተደነቁም። «ይህ ሥዕል የአገሬን ስሕተት የሚያሳይ ነው፤ ስታድጉ ትረዱታላችሁ» አሉን። እኔ የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ በጓሳ ሜዳ ላይ ነው።

በአገራችን ድብ የለም። ነገር ግን እኛ ያለን፥ ሌላው ዓለም ሁሉ የሌለው ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል 260 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መንዝ የደረሰ ሰው ጓሳን ያገኛል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፥ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ብርዳም ምድር ነው። ጅባራው እንደ ዘብ ቆሞ፥ ጓሳ ሣሩ በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ የሚታይበት ቦታ ነው። በዚያ ቀይ ቀበሮ አለ፤ በዓለም ላይ የቀረው በሙሉ ከ500 በታች መሆኑን አዋቂዎች ይናገራሉ፤ እርሱም ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም። ጭላዳም አለ፤ እርሱም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሁሉ እንደ ከብት በሣር የሚኖር እርሱ ብቻ ነው። ሌሊቱን በገደል ላይ ያድራል፤ ጧት ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይወጣና ተቀምጦ ሣሩን በጣቶቹ እየነጨ ሲበላ ይውላል።

በ2012 ዓ.ም. በኅዳር ወር ሃያ አንድ ተማሪዎች ይዤ ወደዚያ ሄጄ ነበር። ብዙዎቹ ጓሳን የሚያውቁት በቤታቸው ክዳንና በገመዱ፥ እረኛም በዝናብ ጊዜ በሚደርበው ጌሳ ነው እንጂ፥ እንደ ትምህርት ዓይን ተክለው አይተውት አያውቁም። ውርጩ ሳይረግፍ ደረስንና ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተቀመጥን። ጥቂት ቆይቶ የጭላዳው መንጋ ከገደሉ ወጣ፤ ከመንጋውም መካከል አንድ ቀይ ቀበሮ ቀስ ብሎ ሲራመድ አየን። ልጆቹ ግልገል ሊነጥቅ ነው ብለው ትንፋሻቸውን ያዙ። ቀበሮው ግን ጭላዳዎቹን አላያቸውም፤ እነርሱም አልሸሹም። አይጥ እያደነ ነበር። ይህን ነገር በጓሳ የመረመሩ ሳይንቲስቶች በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ ቀይ ቀበሮ ብቻውን ሲያድን ከመቶው ሙከራ 25 ያህሉ ሲሳካለት፥ በጭላዳ መካከል ሆኖ ሲያድን ግን 67 ያህሉ እንደሚሳካለት አስረድተዋል። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው አንደኛው፥ «እንግዲያው ቀበሮው አደቡን የጠበቀው ስለሚጠቀም ነው» አለኝ። መልሱ ከመጽሐፉ ይልቅ ደስ አሰኘኝ።

የጽሑፌ ምክንያት ግን ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነው። እኩለ ቀን ሲሆን ወደ መንገዱ ወረድን። ሁለት የመሥሪያ ቤት መኪናዎች ከስብሰባ ሲመለሱ ቆመው አገኘን። ወርደው ዳቦና ሙዝ ለጭላዳዎቹ ይወረውሩ ነበር። ጎፈሩ እስከ ወገቡ የወረደ አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ ከፊት ቀረበ። ከሰዎቹ አንደኛው ዳቦውን ካሳየው በኋላ ፎቶግራፍ እስኪነሣ ድረስ ወደ ኋላው ሸሸገበት። በዚህ ጊዜ ጭላዳው የዓይኑን ቆብ ገልጦ ከላይ ያለውን ነጣ ያለ ቆዳ አሳየ፤ የላይኛውንም ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ጥርሱንና ቀዩን ድድ አወጣ። «ሳቀ! ሳቀልን!» ብለው ሁሉም በአንድነት ሳቁ። ከተማሪዎቼ አንዱ፥ የዚያው አካባቢ እረኛ ሆኖ ያደገ ልጅ፥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፥ «ጋሼ፥ ኧረ ተቆጥቷል» አለኝ።

ልጁ እውነቱን ነበር። ጭላዳ ከንፈሩን ሲገለብጥና ዓይኑን ሲያገላብጥ «አትቅረበኝ» ማለቱ እንጂ ሳቅ አይደለም። እኔም ይህን አውቅ ነበር። ነገር ግን ሰዎቹ ከእኔ በማዕርግ የሚበልጡ መሰሉኝ፤ እንግዶችም ናቸው፤ በተማሪዎቼ ፊት ተናግሬ ባፍርስ ብዬ ዝም አልሁ። እንዲያውም ፈገግ አልሁ። ዳቦው ተወረወረ፥ መኪናዎቹም ሄዱ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያ ተማሪ ከትምህርት ቤት ቀረ። ብጠይቅ የስምንት ዓመት ታናሽ ወንድሙ በዚያው መንገድ ዳር በጎች ሲጠብቅ፥ የምሳውን የገብስ ቂጣ ይዞ ሳለ አንድ ወንድ ጭላዳ መጥቶ ነጠቀው። ሕፃኑ ቂጣውን አልለቅም ቢል ክንዱን ነከሰው። ታላቅየው ወንድሙን አዝሎ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደው፤ ቍስሉ እስኪድንም ድረስ በእርሱ ፈንታ በጎቹን ሲጠብቅ ሰነበተ፤ በዚያም መንፈቅ በፈተናው ወደ ኋላ ቀረ። የነከሰው ያው እኛ ያየነው ጭላዳ ነው ብዬ አልምልም። ነገር ግን ጭላዳ ከሰው እጅ ቂጣ መንጠቅን ከሣር አልተማረውም።

ልጁን ልጠይቅ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። አባቱ ባናቸውን ተከናንበው ከእሳቱ ዳር ተቀምጠዋል። እኒህ ሰው ጓሳን ከአጫጅና ከልቅ ግጦሽ ለመጠበቅ በብርድ ሌሊት ተራ ሲገቡ የኖሩ ናቸው። እንዲህ አሉኝ፥ «መምህር፥ ዳቦ ያስተማረው ሰው አዲስ አበባ ገብቷል፤ ንክሻው ለእኛ ቀረ። ከእንግዲህ ወዲያ ጭላዳ በድንጋይ ሲመታ ባይ ተው የምል እንዳይመስልዎ።» የምመልሰው አጣሁ። አስተዋይ አንባብያን ሆይ፥ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይህች የሽማግሌው ቃል ናት።

ጓሳን እስከ ዛሬ ያቆየው አጥር አይደለምና። አባቶች እንደሚያወሩት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚዎች መሬቱን ለትውልዳቸው ካስያዙ ጀምሮ፥ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ 400 ዓመት ያህል ቆይቷል። ሕዝቡ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣል፤ ጓሳው ለሦስትም ለአምስትም ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ለሚበልጥ ዘመን ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ተመርምሮ በአንድ ቀን ይከፈታል፤ ሁሉም እንደ ድርሻው ያጭዳል። ሰርቆ የገባ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ይህ ሥርዓት ሥልጣኑን አጣ፤ ጓሳውም ላገኘው ሁሉ ክፍት በመሆኑ ተጎዳ። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ከዚያ በኋላ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቆመው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ የክልሉ መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ መሆኑን በሕግ አወቀለት። እንግዳ የሚያርፍበት ማረፊያ ቤትም ተሠራ።

እንግዲህ በሌላው ዓለም አውሬን የሚጠብቀው ደመወዝተኛ ሲሆን፥ በመንዝ የጠበቀው ባለ በግና ባለ ገብስ ገበሬ ነው። ይህ ገበሬ ጭላዳን የሚታገሠው ጭላዳ በሣሩ፥ እርሱም በገብሱ ስለሚኖሩ ነው። ጭላዳው ወደ ሰው ሞሰብ የመጣ ዕለት ያ የ400 ዓመት ትዕግሥት ያልቃል። የቀድሞ አባቶች «የጎረቤት ሌባ ቢያዩት ይስቅ፥ ባያዩት ይሰርቅ» ይላሉ፤ ጭላዳ ግን ጎረቤት ሆኖ የኖረ እንጂ ሌባ አልነበረም። ሌብነትን የምናስተምረው እኛ ነን።

አሁን ወደ ሥዕሉ ድብ ልመለስ። ያ ሥዕል የየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ታሪክ ነው። ፓርኩ በ1872 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲቋቋም በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ጎብኚውን ደስ ለማሰኘት ከሆቴሎች የሚወጣው ትርፍራፊ ለድቦች በአንድ ቦታ ይደፋ ነበር፤ ሰዎችም እንደ ቴአትር ተመልካች በተሠራላቸው መደብ ላይ ተቀምጠው ድቦች ሲበሉ ያዩ ነበር። በመንገድ ዳርም ድቦች እንደ ለማኝ ተሰልፈው መኪና ማስቆም ለመዱ። በእጅ ማብላትን የሚከለክል ደንብ በ1902 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር፤ ዳሩ ግን የሚያስከብረው አልነበረም። ከዚህም የተነሣ ከ1931 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በየዓመቱ በአማካይ 48 ሰዎች በድብ ይጎዱ ነበር። ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትርፍራፊው ተዘጋ፥ ደንቡም በብርቱ ተጠበቀ። ሰው መለመን የለመዱትም ድቦች አመላቸውን መተው ስላልቻሉ ብዙዎቹ ተገደሉ። ዛሬ በዚያ ፓርክ በድብ የሚጎዳው ሰው በዓመት በአማካይ አንድ ያህል ብቻ ነው፤ ጎብኚው ግን አልቀነሰም፥ እጅግ በዛ እንጂ። ሰው ድቡን ዛሬም ያያል፤ የሚያየው ግን ከርቀት፥ የራሱን ምግብ ሲፈልግ ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፥ አውሬን ማላመድ ጎብኚን አያበዛም፥ ቍስለኛን እንጂ። ሁለተኛው፥ ዳቦ ያበላ ሰው በመጨረሻ ያበላውን እንስሳ ያስገድለዋል።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንዳንዱ፥ «የሐረር ሰዎች ጅብ በእጃቸውና በአፋቸው ያበሉ የለምን? ለከተማቸውም ስም ሆነላት» ይለኛል። እውነት ነው። ነገር ግን በሐረር የሚያበላው የጅቡን ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቅ የአገሩ ሰው ነው፤ ቦታውም ሰዓቱም የታወቀ ነው፤ ጅቡም ዱሮውንም ሥጋና አጥንት የሚበላ፥ በከተማይቱ ዙሪያ የኖረ ነው። በአሥር ደቂቃ ቆይታ መንጋውን ዳቦ አስተምሮ የሚሄድ መንገደኛ ከዚያ ጋር አይነጻጸርም። ሌላው ደግሞ፥ «አንድ ዳቦ ምን ይጎዳል?» ይላል። አንዱ መኪና አንድ ዳቦ ቢጥል፥ ጭላዳው የሚቈጥረው መኪናውን እንጂ ዳቦውን አይደለም። በማግሥቱ ሌላውን መኪና ይጠብቃል፤ መኪና በቀረ ጊዜ የእረኛውን ከረጢት ያያል።

ስለ ቀይ ቀበሮውም አንድ ነገር ልጨምር። የእርሱ ጠላት ነብር አይደለም፤ ሰው አስከትሎት የሚመጣው ውሻ ነው። በባሌ ተራሮች በ1990ዎቹ መጀመሪያ፥ ኋላም በ2003 እ.ኤ.አ. ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ጨርሶ ነበር። ጓሳ ከባሌ ያነሰ ነው፤ እንዲህ ያለ መቅሠፍት ቢደርስበት የሚተርፍለት ጥቂት ነው። ስለዚህ ትርፍራፊ በየመንገዱ ዳር መጣል ውሻን ወደ ጓሳ መጋበዝ መሆኑን ልብ እንበል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ መምህር እንጂ ሕግ አውጭ አይደለሁም። ነገር ግን ሳይከብድ ሊፈጸም የሚችል መስሎ የሚታየኝን አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ ለመስክ ሥራ ወይም ለስብሰባ ወደ መሐል ሜዳ የሚወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ለአራዊት ምግብ ላለመስጠት ራሱን ሕግ ያድርግ። የመሥሪያ ቤት ሰሌዳ ያለው መኪና የሚያደርገውን ሌላው ይከተላል። መንገዱ ጥብቁን ሥፍራ አቋርጦ የሚያልፍ ስለሆነ ሾፌሮችም ፍጥነታቸውን ይቀንሱ።

ሁለተኛ፥ አራዊቱን ማየት የሚፈልግ ከመንገድ ዳር ሆኖ አይጣራ። ወደ ጥብቅ ሥፍራው ቢሮ ሄዶ የመግቢያውን ይክፈል፤ ከአገሩ ልጆች አንዱን መሪ ይያዝ። መሪው ጭላዳ መቼ እንደተቆጣ ያውቃል። እኛ ሳቅ ያልነውን እርሱ ቍጣ መሆኑን በነገረን ነበር።

ሦስተኛ፥ ከእንግዳ ከሚገኘው ገቢ ከፊሉ ገብሱ ለተበላበትና ግልገሉ ለተነጠቀበት የጓሳ ጎረቤት መካሻ ቢሆን፥ ፍትሕም ብልኀትም ነው። እንግዳው ፎቶግራፍ፥ ማኅበሩ ገንዘብ፥ ገበሬው ግን ጉዳት ብቻ የሚያተርፍ ከሆነ፥ ገበሬው እስከ መቼ ይጠብቃል?

አራተኛ፥ በአካባቢው ባሉ ትምህርት ቤቶች ልጆች ስለ አንበሳና ስለ ዝሆን ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳቸው አራዊት ይማሩ። ተማሪዎቼ በጓሳ ያሳለፉት አንድ ጧት ከእኔ የብዙ ወር ትምህርት ይበልጥ እንደ ቀረላቸው አይቻለሁ።

ምናልባት፥ «በዚህ ጊዜ ስለ ጎብኚ መናገር ምን ይባላል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በደረሰው የጸጥታ መታወክ ምክንያት የእንግዳ እግር መቅጠኑን የማያውቅ የለም። እኔ ግን ስለዚሁ ነው አሁን የምጽፈው። ገብስ የሚዘራበት ማሳ አስቀድሞ ይታረሳል። እግዚአብሔር ሰላሙን ሲመልስና እንግዳ እንደገና ሲመጣ፥ ደንቡ ተዘጋጅቶ ቢቈየው ይሻላል፤ አመል ከገባ በኋላ ማረም ምን ያህል እንደሚያስከፍል የአሜሪካ ድቦች ምስክር ናቸው።

ያ ሕፃን ክንዱ ድኗል፤ ጠባሳው ግን አለ። ታላቅ ወንድሙም በሚቀጥለው ዓመት የጎደለውን አሟልቶ ክፍሉን አለፈ። አባትየው በኋላ ወደ ጥበቃ ተራቸው መመለሳቸውን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ስገናኛቸው ምን እንዳስመለሳቸው ጠየቅኋቸው። «ጭላዳው ምን አጠፋ? ለምጣድ ሲባል አይጧ ትለፍ ብለን ተውነው» አሉኝ። እኔ ግን የእኒያ ሽማግሌ ትዕግሥት ለሁለተኛ ጊዜ ይፈተን ዘንድ አልወድም።

በዚያ ቀን በመንገድ ዳር ፈገግ ብዬ ዝም ማለቴን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ያን ጊዜ ልናገረው የሚገባኝን እነሆ ዛሬ በጋዜጣ ተናገርሁ። ከሁለቱ መኪናዎች በአንዱ የነበረ ሰው ይህን ቢያነብ አይቀየመኝ፤ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አልነበረም። እርሱ አያውቅም ነበር፤ እኔ ግን እያወቅሁ ዝም አልሁ። ወደፊት በጓሳ ስንገናኝ ዳቦውን በከረጢቱ ያቆየው፤ እኔም ዝም አልልም።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፤

አንድ መምህር
ከመንዝ ቀየት